ወተት አልስማማ ሲል፦ ሆድዎ የሚችለውን የወተት ዓይነትና መጠን ደረጃ በደረጃ መለየት

ወተት በጠጡ በግማሽ ሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሆድዎ የሚነፋ፣ የሚያጉረመርም፣ የሚቆርጥና አልፎ አልፎም ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያስሮጥዎ ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች መካከል ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ዘንድ የወተትን ስኳር የመፍጨት ችሎታ ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ በሽታ አይደለም። ጡት መጥባት ሲያበቃ ሰውነት ያንን ሥራ እየተወው መምጣቱ ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን ሲረዳ የሚወስደው እርምጃ ግን አንድ ነው፤ ወተትንና ከወተት የሚገኘውን ሁሉ ከገበታው ያርቃል። እኔም ለአራት ዓመታት እንዲሁ አደረግሁ፤ እርጎና ቅቤ ሳይቀሩ ተውሁ። በኋላ በመለኪያ ኩባያና በማስታወሻ ደብተር ሆዴን መፈተን ስጀምር፣ ከተውኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ምንም እንዳላደረጉኝ ተገነዘብሁ። ያስቸግረኝ የነበረው በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ የምጠጣው ትልቅ ብርጭቆ ወተት ብቻ ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ አራት ዓመት እንዳያባክን ነው። የሚወስድብዎ ጊዜ አንድ ወር ተኩል ገደማ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚያስቸግርዎ ስኳሩ ነው ወይስ ፕሮቲኑ?

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ይህ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አደጋ አለውና።

የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል። ከግሉኮስና ከጋላክቶስ የተጣመረ ስለሆነ እንዳለ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መግባት አይችልም፤ መጀመሪያ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት። የሚሰነጥቀው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኘው ላክቴስ የተባለ ኢንዛይም ነው። ላክቴስ ሲያንስ ያልተሰነጠቀው ስኳር ውሃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይቀራመቱታል፤ ሃይድሮጅንና ሌሎች ጋዞችንም ያመነጫሉ። መነፋቱ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ ከዚህ የሚመጣ ነው። ሰውን ያስጨንቃል፤ አንጀትን ግን አያቆስልም። ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ ጉዳዩ የመጠን መሆኑ ነው፤ ትንሽ ላክቶስ ትንሽ ምልክት ያመጣል፣ ወይም ጭራሹኑ አይታወቅም።

የወተት ፕሮቲን አለርጂ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የሚቆጣው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ነው። ቆዳ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ወይም ሽፍታ፣ የከንፈር፣ የፊት ወይም የጉሮሮ ማበጥ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ድንገተኛ ማስመለስ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ለመነሳትም ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። በሕፃናት ላይ የሚታየው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ የሚያስከትል ዓይነትም አለ።

ከእነዚህ አንዱን በራስዎ ወይም በልጅዎ ላይ አይተው ከሆነ የዚህን መመሪያ ሙከራ አይጀምሩ። ቀጥለው የምዘረዝራቸው ዘዴዎች ሁሉ ላክቶስን የሚመለከቱ ናቸው። ላክቶስ የሌለው ወተት ፕሮቲኑ እንዳለ ስለሆነ አለርጂ ላለበት ሰው መርዝ እንደሆነ ይቀራል። መተንፈስ የሚያስቸግር ምልክት ከታየ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመራዎ የአለርጂ ሐኪም ነው።

ደረጃ 2፦ ሌላ መንስኤ እንደሌለ ያረጋግጡ

ላክቴስ የሚያንሰው በሁለት መንገድ ነው። የተለመደው በዘር የሚወረሰውና ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የትንሹ አንጀት ግድግዳ ሲጎዳ የሚከሰተው ነው፤ ከከባድ የተቅማጥ ሕመም በኋላ፣ ወይም በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ምክንያት በሚመጣው የሴሊያክ በሽታ ሳቢያ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁለተኛው ዋናው ሕመም ሲታከም ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ወተትን ብቻ ተጠያቂ አድርጎ መቀመጥ መታከም ያለበትን ነገር መደበቅ ነው።

ስለዚህ ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ ትኩሳት ካለብዎ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ወይም የደም ማነስ እንዳለብዎ ከተነገረዎ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ሐኪሙ የትንፋሽ ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል። በባዶ ሆድ ላክቶስ የተሟሟበት ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት በየተወሰነ ጊዜ ትንፋሽዎ ይለካል። ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚመነጨው ሃይድሮጅን በደም በኩል ወደ ሳንባ ስለሚደርስ፣ መጠኑ ከመነሻው በሚሊዮን ውስጥ 20 ያህል ከጨመረ ላክቶሱ አለመፈጨቱን ያመለክታል። ምርመራው አያምም፤ ካገኙት ያድርጉት። ካላገኙት የሚቀጥሉት ሁለት ደረጃዎች ጥሩ ምትክ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ለሁለት ሳምንት ላክቶስን ያቁሙ

ለ14 ቀናት ወተት፣ ክሬም፣ አይስክሬም፣ ያልቆየ ለስላሳ አይብና የዱቄት ወተት የገባባቸውን ብስኩትና ጣፋጮች ይተዉ። ሌላው አመጋገብዎ እንደ ወትሮው ይሁን። በዚሁ ጊዜ ስንዴን ወይም ባቄላን ጨምረው ከተዉ የትኛው እንደረዳዎ ማወቅ አይችሉም።

በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን በሉ፣ በስንት ሰዓት፣ ሆድዎ እንዴት ዋለ። ለመነፋት፣ ለቁርጠትና ለተቅማጥ ከ0 እስከ 3 ነጥብ መስጠት ይበቃል። ምልክቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በግልጽ ከቀነሰ ላክቶስ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ነገሩ ወተት ላይሆን ይችላል። ሆድ የሚነፋባቸው ሰዎች አንጀታቸው በቀላሉ የሚቆጣ ሆኖ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥራጥሬ ወይም ስንዴ የሚያስቸግራቸው ብዙ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ልክዎን በሚሊ ሊትር ይወቁ

ለእኔ ሁሉን የለወጠው ይህ ደረጃ ነበር፤ ሳይቸኩሉ ይሥሩት።

ተራ የላም ወተት ይውሰዱ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ላክቶስ አለ፤ አንድ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ወደ 12 ግራም ይይዛል ማለት ነው። ይህን 12 ግራም ልብ ይበሉት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሳይንሳዊ አስተያየት፣ ላክቶስ በደንብ ከማይፈጩ ሰዎች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ድረስ ያለ ምልክት ወይም በቀላል ምልክት ሊችሉ እንደሚችሉ ገልጿል። ሁሉም ሰው ማለት አይደለም። ከዚያ ባነሰ የሚታመም አለ፤ እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለማወቅ ነው መለኪያ ኩባያ የሚያስፈልገው።

በመጀመሪያው ቀን 60 ሚሊ ሊትር ከምግብ ጋር ይጠጡ። የዚያን ቀን ሌላ ላክቶስ ያለበት ነገር አይንኩ። ሁለት ቀን ይጠብቁና ምልክት ከሌለ 120 ሚሊ ሊትር ያድርጉት። አሁንም ደህና ከሆኑ ከሁለት ቀን በኋላ 180፣ ከዚያ 250። ምልክት የመጣበትን መጠን ይጻፉ፤ ከእርሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው የእርስዎ ልክ ነው። ጥርጣሬ ካለዎ ያንኑ መጠን በሌላ ቀን ይድገሙት። አንድ ቀን የነፋዎ ምናልባት በዚያው ምሳ ላይ የበሉት ባቄላ ይሆናል።

ከምግብ ጋር ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በባዶ ሆድ የተጠጣ ወተት ከጨጓራ በፍጥነት ይወርዳል፤ ያለችውን ጥቂት ላክቴስ በአንድ ጊዜ ያጥለቀልቃታል። ምግብ ሲቀላቀልበት ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ኢንዛይሙም ለመሥራት ጊዜ ያገኛል። ጠዋት በባዶ ሆዱ ሩብ ሊትር ጠጥቶ የሚታመም ሰው ያንኑ ወተት ለሦስት ከፍሎ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ሲወስደው ምንም የማይሰማው ብዙ ነው።

ልክዎን ካወቁ በኋላ መጠኑን በየቀኑ መውሰድ ከመዝለል ይሻላል። ላክቶስ በየዕለቱ በጥቂቱ ሲደርሳቸው የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ከእርሱ ጋር እየተላመዱ፣ ጋዙም እየቀነሰ የሚሄድበት ሁኔታ አለ። የላክቴሱ መጠን አይጨምርም፤ የሚለመደው አንጀት ውስጥ ያለው ማኅበር ነው።

ደረጃ 5፦ የወተት ዓይነቶችን አንድ በአንድ ይመዝኑ

አሁን የራስዎ ቁጥር በእጅዎ አለ። ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ወተት ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ “ይስማማኛል?” ሳይሆን “በውስጡ ስንት ግራም ላክቶስ አለ?” የሚለው ነው።

ቅባቱ የወጣለት ወተት። ብዙ ሰው ለሆድ ይቀላል ብሎ ወደዚህ ይዞራል። ላክቶስ ያለው ግን በቅባቱ ውስጥ ሳይሆን በውሃማው ክፍል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅባት ሲወጣ ስኳሩ አይቀንስም። እንዲያውም ቅባት ከጨጓራ የመውረዱን ፍጥነት ስለሚያዘገይ አንዳንድ ሰዎች ሙሉ ቅባት ያለውን ይሻላል ይላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ምርጫውን በሌላ የጤና ምክንያት ያድርጉት።

ጥሬ ወተት። ያልፈላ ወተት የራሱ ኢንዛይም ስላለው አይነፋም የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ወተት ላክቴስ የለውም፤ ላክቴስ ያለው በአንጀት ውስጥ ነው። ጥሬ ወተት ከተፈላው እኩል ላክቶስ ይይዛል። ከዚያ በላይ ግን ብሩሴላን፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ ሳልሞኔላን፣ ሊስቴሪያንና አደገኛ የኢ. ኮላይ ዓይነቶችን ሊያመጣ ይችላል። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃንና አዛውንት ፈጽሞ ሊቀምሱት አይገባም። ሆዱ የታወከበት ሰው መፍትሔ ሲፈልግ ወደዚህ አደጋ መገፋቱ ያሳዝነኛል።

የፍየል፣ የበግ፣ የጎሽና የግመል ወተት። ስለ ወተት አለመስማማት ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚከተለው “የፍየል ወተት ሞክር” የሚለው ሳይሆን አይቀርም። የፍየል ወተት ላክቶስ ከላም ወተት በጥቂቱ ብቻ ያንሳል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ4 ግራም በላይ ነው። የግመሉም ከዚህ አይርቅም፤ የበግና የጎሽ ወተት ደግሞ ከላም ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ 60 ሚሊ ሊትር የላም ወተት የሚያሳምመው ሰው በ60 ሚሊ ሊትር የፍየል ወተት ይድናል ብሎ መጠበቅ የለበትም። የፍየል ወተት በጨጓራ ውስጥ ሲረጋ ይበልጥ ለስላሳ መሆኑ፣ የቅባቱ ቅንጣቶችም ማነሳቸው እውነት ነው፤ በዚህ ምክንያት “ቀለለኝ” የሚል ሰው ውሸት አይናገርም። የላክቶሱ ጉዳይ ግን ባለበት ነው።

ለአለርጂ ከሆነ ነገሩ የበለጠ ያስፈራል። የላም፣ የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲኖች በጣም ስለሚመሳሰሉ ለላም ወተት አለርጂ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለፍየሉም አለርጂ ይሆናል። የግመል ወተት አለርጂ ከሚያስነሡት የላም ወተት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የተባለው፣ የለውም፤ ሆኖም ይህ ልዩነት ያለ ሐኪም ክትትል ለልጅ ለመስጠት ፈቃድ አይሆንም።

ኤ2 የሚባለው ወተት። በወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን አራት አምስተኛው ኬዚን ነው። ከኬዚኖቹ አንዱ ቤታ ኬዚን በላሞች ዘር ልዩነት ኤ1 እና ኤ2 የሚባሉ ዋና መልኮች አሉት፤ ልዩነታቸው በሰንሰለቱ 67ኛ ቦታ ላይ ባለች አንዲት አሚኖ አሲድ ነው። ኤ1 ሲፈጭ አንጀትን ያውካል ተብሎ የሚጠረጠር ቁራጭ ይወጣዋል። በትንንሽ ጥናቶች የኤ2 ወተት የጠጡ አንዳንድ ሰዎች የሆድ ምቾት ተሰምቷቸዋል፤ ማስረጃው ግን ገና ጠንካራ አይደለም። ላክቶሱ ከሌላው እኩል ነው፤ ፕሮቲኑም ያው የላም ነው። ከልክዎ ሳያልፉ ቢሞክሩት ጉዳት የለውም። ከፍ ያለ ዋጋ ከፍለው ሙሉ ብርጭቆ እንደ መድኃኒት መጠጣት ግን አልመክርም።

ላክቶስ የሌለው ወተት። እኔ በመጀመሪያ ብሰማው ኖሮ የምለው ምክር ይህ ነው። እውነተኛ የላም ወተት ነው። ፋብሪካው ላክቴስ ይጨምርበትና ላክቶሱ ሳይጠጣ በፊት ይሰነጠቃል፤ እርስዎ ሆድ ውስጥ ሊሠራ የነበረው ሥራ በዕቃው ውስጥ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ግሉኮስና ጋላክቶስ ለየብቻ ሲሆኑ ከላክቶስ ይበልጥ ስለሚጣፍጡ ወተቱ ስኳር የገባበት ይመስላል፤ አልገባበትም። ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙና ቫይታሚኑ አልተነካም። ይፈላል፣ ይጋገርበታል፣ ከቡና ይቀላቀላል። ሁለት ሰዎች ብቻ ይጠንቀቁ፦ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት፣ እንዲሁም ጋላክቶሴሚያ የተባለው በዘር የሚመጣ ሕመም ያለበት፤ ለእርሱ ጋላክቶሱ ራሱ አደገኛ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ “ላክቶስ የሌለው” ማለት “ስኳር የሌለው” ማለት እንዳልሆነ ይወቅ፤ ጠቅላላ የስኳሩ መጠን ከተራ ወተት ጋር በአብዛኛው እኩል ነው።

የዱቄትና የተጨመቀ ወተት። ውሃው ሲወጣ ላክቶሱ ይከማቻል። ቅባቱ ከወጣለት የዱቄት ወተት ክብደት ግማሽ ያህሉ ላክቶስ ነው። በልኩ ውሃ በጥብጠው ከጠጡት ከተራ ወተት አይለይም፤ በሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ እየነሰነሱ “ወተት አልጠጣም” ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ጣፋጩ የተጨመቀ ወተትም እንዲሁ ነው።

እርጎ። በወተት ውስጥ ካሉት ሁሉ ለዚህ ችግር የተሠራ የሚመስለው እርጎ ነው። እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ራሳቸው ይበሉታል። የሚደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ሕያዋን ሆነው ከተዋጡ የያዙትን ላክቶስ ሰንጣቂ ኢንዛይም ይዘው ትንሹ አንጀት ይደርሱና የቀረውን ላክቶስ እዚያው ይሰነጥቁታል። ከዚህ በላይ እርጎ ወፍራም ስለሆነ ከጨጓራ በዝግታ ይወርዳል። ቁልፉ ባክቴሪያዎቹ ሕያዋን መሆናቸው ነው። ከረጋ በኋላ በድጋሚ በሙቀት የተቀቀለ፣ ለብዙ ወራት ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆይ እርጎ ይህ ጥቅም የለውም። አይስክሬም መሰል የቀዘቀዙ እርጎዎች ላይ ደግሞ ተጨማሪ የዱቄት ወተት ሊኖር ይችላል። ግማሽ ኩባያ ተራ ሕያው እርጎ ከምግብ ጋር ይጀምሩ።

አይብ። ወተት ሲረጋ ላክቶሱ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ቀሪውን ደግሞ አይቡ ለወራት ሲቆይ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እንደ ቼዳርና ፓርሜዛን ያሉ ደርቀው የቆዩ አይቦች ላክቶስ የላቸውም ለማለት ይቀርባል። አጓት የቀረባቸው ለስላሳና አዲስ አይቦች ግን በ100 ግራም 3 ግራም ገደማ ሊይዙ ይችላሉ፤ ያም ቢሆን ከብዙ ሰው ልክ በታች ነው። አጓቱን ራሱን መጠጣት ግን ላክቶሱን ለይቶ መጠጣት ነው፤ ይተዉት።

ቅቤ። እጅግ ጥቂት ላክቶስ ብቻ አለው፤ የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ከሞላ ጎደል ምንም የለውም። በላክቶስ ምክንያት ቅቤ የተዉ ሁሉ በነፃነት ይመለሱበት።

ደረጃ 6፦ የዕፅዋት ወተትን ሲመርጡ ጀርባውን ያንብቡ

ከአኩሪ አተር፣ ከአጃ፣ ከአልሞንድ፣ ከሩዝና ከኮኮናት የሚሠሩት መጠጦች ላክቶስ የላቸውም። ይህ አያከራክርም። የሚያሳስበኝ ሰዎች የወተት ቦታን እንደሞሉ አድርገው ማሰባቸው ነው፤ በምግብ ይዘታቸው እርስ በርሳቸው እንኳ ፈጽሞ አይገናኙም።

ለላም ወተት በፕሮቲን የሚቀርበው የአኩሪ አተሩ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ገደማ። የአልሞንድና የኮኮናቱ ፕሮቲን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለቡናና ለሾርባ ጥሩ ናቸው እንጂ ለቁርስ የሚተማመኑባቸው አይደሉም። የአጃው ጣፋጭ የሚሆነው ስታርቹ በኢንዛይም ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ነው። የሩዙም በአብዛኛው ስታርችና ስኳር ነው፤ ሩዝ አርሰኒክ የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈር ስለሚስብ የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በወተት ምትክ እንዳይሰጥ ይመክራሉ።

የዕፅዋት ወተት ጠጥተው ሆድዎ ቢነፋ አይደናገጡ። ከሙሉ የአኩሪ አተር ፍሬ የሚሠራው ወተትና የአጃ ወተት ሲበዛ በቀላሉ የሚቆጣ አንጀትን የሚያስነፉ ሌሎች ካርቦሃይድሬቶች አሏቸው። ይህ ላክቶስ አይደለም፤ ዓይነቱን ይቀይሩ ወይም መጠኑን ይቀንሱ።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን፣ በ100 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያህል ከሆነ ከላም ወተት ይስተካከላል፤ እንዲሁም ስኳር ያልተጨመረበት መሆኑን። ከዚያ ሁልጊዜ ሲቀዱ ዕቃውን በደንብ ይነቅንቁት። የተጨመረው ካልሲየም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሳይነቀነቅ የሚጠጣ ሰው ካልሲየሙን ከባዶ ዕቃው ጋር ይጥለዋል።

ደረጃ 7፦ የተደበቀውን ላክቶስ ይፈልጉ

በምግብ መለያ ላይ “ወተት” የሚለው ቃል ባይኖርም የወተት ዱቄት፣ አጓት፣ የአጓት ዱቄት፣ የወተት ጠጣር ወይም ላክቶስ የሚሉ ካሉ ላክቶስ አለ። በዳቦ፣ በቋሊማ፣ በታሸገ ሾርባ፣ በቸኮሌትና በቺፕስ ቅመም ውስጥ ይገኛሉ። በተቃራኒው ላክቲክ አሲድና ላክቴት በስም ብቻ ነው የሚመሳሰሉት፤ ላክቶስ አይደሉም። የካካዎ ቅቤም ከወተት ጋር አይገናኝም። ኬዚን ላክቶስ አይደለም፤ ለአለርጂ ሰው ግን ዋናው ጠላት እርሱ ነው።

ብዙ እንክብሎች ላክቶስን እንደ መሙያ ይጠቀማሉ። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች ስለሆነ ለብዙዎች ችግር አይፈጥርም። በዚህ ምክንያት የታዘዘልዎን መድኃኒት በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ከጠረጠሩ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ የላክቴስ እንክብል ለሚያስፈልግበት ቀን

ድግስ ላይ ወይም መንገድ ላይ የሚቀርበውን መለካት አይቻልም። ለዚህ ጊዜ የላክቴስ እንክብል ጥሩ ነው። መወሰድ ያለበት ከመጀመሪያው ጉርሻ ወይም ጉንጭ ጋር ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ሆድ መነፋት ከጀመረ በኋላ የተወሰደ እንክብል አይሠራም፤ ኢንዛይሙ ላክቶሱን እዚያው ማግኘት አለበት። ምግቡ ረዘም ካለ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ መጠኑን በማሸጊያው ላይ ያንብቡ።

በጠብታ መልክ የሚሸጠውንም ወተት ላይ ጨምረው በማቀዝቀዣ ውስጥ 24 ሰዓት ካቆዩት ላክቶሱ አብዛኛው ይሰነጠቃል። በፈላ ወተት ላይ አይጨምሩት፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።

ደረጃ 9፦ ካልሲየሙን ይቁጠሩ

አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ከ50 ዓመት ያለፉ ሴቶች ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ወተትን የሚቀንስ ሰው ይህን ከየት እንደሚያገኝ ማሰብ አለበት፤ አጥንት መሳሳቱን በዓመታት እንጂ በቀናት አይናገርም። ደርቆ የቆየ አይብ፣ ሕያው እርጎና ላክቶስ የሌለው ወተት የመጀመሪያ ምንጮችዎ ይሁኑ። ከዚያ ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ፣ ጎመን፣ ሰሊጥና ካልሲየም የተጨመረባቸው መጠጦች ይከተላሉ። ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሌት የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሰውነት ብዙም አያገኘውም። ካልሲየም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እጥረት እንዳለብዎ ከጠረጠሩ ያስመርምሩ።

ለሕፃናት የተለየ መንገድ

ከዚህ በላይ የጻፍሁት ሁሉ ለአዋቂ ነው። የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ከላም ወተት ይበልጣል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይፈጨዋል፤ የተፈጠረለት ነውና። እናት ወተት ብትተው የጡቷ ላክቶስ አይቀንስም። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ጡት መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሃና ምግብ የሚያገኘው ከዚያው ነው።

ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የላም፣ የፍየል ወይም የዕፅዋት ወተት እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥም። ጡት የማያገኝ ከሆነ ለሕፃናት የተዘጋጀ ፎርሙላ ነው፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሕፃናት ሐኪም ይወስን። በሁለትና በሦስት ዓመት ልጅ ላይ በድንገት የመጣ የወተት አለመስማማት ብዙ ጊዜ ከአንጀት ሕመም ወይም ከአለርጂ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በግምት አይለፉት።

ደረጃ 10፦ በየጊዜው ይድገሙት

ልክዎ በድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም። ከአንጀት ሕመም በኋላ የቀነሰ ላክቴስ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ በዘር የቀነሰው ደግሞ ከዕድሜ ጋር ጥቂት ሊያንስ ይችላል። እኔ በየስድስት ወሩ የደረጃ 4ን ፈተና እደግማለሁ። ባለፈው ጊዜ 180 ሚሊ ሊትር የነበረው ልኬ ከምግብ ጋር 250 ሆኗል፤ በባዶ ሆድ ግን አሁንም 120 አያልፍም፤ ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ በፊት ወተት አልነካም። ተቅማጥ ከያዘዎ ለአንድ ሁለት ሳምንት ወተቱን ያሳርፉት፤ ሕያው እርጎ ካልከበደዎ ይቀጥሉበት፤ ከዚያ እንደገና ከ60 ሚሊ ሊትር፣ ከምግብ ጋር ይጀምሩ።